ቁጥቋጦውን ሲነኩ ደመናው ለምን ይለወጣል? የድሮ ጌሞችን ሥዕል በታይል ማረሚያ ስለመቀየር

የእህቴ ልጅ የሚኖረው ኮምቦልቻ ነው። ባለፈው ክረምት ደሴ እኛ ዘንድ መጥቶ ሲሰነብት ዝናቡና ጉሙ ከቤት አላስወጣ አለው። እኔም በአሮጌው ላፕቶፔ «ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ» የተባለውን ጨዋታ ከፈትሁና ሥዕሎቹን መለወጥ የሚቻልበትን ፕሮግራም አሳየሁት። ወዲያው ገባው። መሬት ላይ ከተደረደሩት አረንጓዴ ቁጥቋጦዎች አንዱን መርጦ ሁለት ዓይንና የሚስቅ አፍ ሳለበት፤ ሥራውን አስቀምጦ ጨዋታውን አስነሳው። ማሪዮ ጥቂት እንደተራመደ ልጁ እጁን ከቁልፉ ላይ አነሳ።

«አጎቴ፣ እኔ የነካሁት ቁጥቋጦውን ነው። ሰማይ ላይ ያለው ደመና ዓይን ያወጣው ለምንድን ነው?»

ከዚህ የተሻለ ጥያቄ ሊጠይቀኝ አይችልም ነበር። የዚህን ጥያቄ መልስ በሚገባ የያዘ ሰው እ.ኤ.አ. የ1980ዎቹ የጨዋታ ማሽኖች ሥዕል እንዴት እንደሚሠሩ ዋናውን ነገር ይዟል፤ የቀረው ትዕግሥትና እርሳስ ነው። በዚያ ጨዋታ ውስጥ ደመናና ቁጥቋጦ የሚባሉ ሁለት ሥዕሎች የሉም። ያለው አንድ ሥዕል ነው። ነጭ ሲቀባ ደመና፣ አረንጓዴ ሲቀባ ቁጥቋጦ ይባላል።

ሙሉ ሥዕል የትም የለም

እናቴ ጥልፍ ትጠልፍ ነበር። አሠራሯን ልጅ ሆኜ አጠገቧ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። ከሂሳብ ደብተር ላይ ባለ ካሬ ወረቀት ትገነጥልና አንዲት አበባ በነጥብ በነጥብ ትስልበታለች። ትራሱን በሙሉ በወረቀት ላይ ስላ አታውቅም። የአበባዋ ንድፍ አንዲት ብቻ ናት። ከዚያ «እዚህ አንድ፣ አራት ጣት ርቆ አንድ፣ ጥጉ ላይ አንድ» እያለች ቦታውን ትቆጥራለች። ያችው ንድፍ ለአንዱ ትራስ በቀይ ክር፣ ለሌላው በሰማያዊ ክር ትጠለፋለች። እንግዳ መጥቶ ሲያይ የሚታየው አበባ የሞላበት ጨርቅ ነው፤ እናቴ እጅ ላይ ያለው ግን አንዲት ንድፍ፣ የቦታ ቆጠራና የክር ምርጫ ነው።

ድሮ የነበረው የጨዋታ ማሽን የሚሠራው በትክክል እንዲህ ነው። ንድፏ ታይል ትባላለች፤ 8 ነጥብ ወደ ጎን፣ 8 ነጥብ ወደ ታች ያላት ትንሽ ካሬ ናት። የቦታው ቆጠራ ካርታ ነው፤ «በዚህ ቦታ 36ኛውን ታይል፣ በሚቀጥለው 71ኛውን አስቀምጥ» የሚል የቁጥር ዝርዝር። የክሩ ምርጫ የቀለም ሰሌዳ ነው። ሦስቱ የተቀመጡት በሦስት የተለያዩ ቦታዎች ሲሆን የሚገናኙት ቴሌቪዥኑ ላይ ብቻ ነው። የእህቴ ልጅ የነካው ንድፏን ነበርና ንድፏ በተጠለፈችበት ቦታ ሁሉ ዓይን ወጣ።

ይህን የመሰለ አሠራር የመጣው ከችግር ነው። ኒንቴንዶ ፋሚኮም የተባለውን ማሽን ጃፓን ውስጥ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው። የማሽኑ ምስል 256 ነጥብ ወደ ጎን፣ 240 ነጥብ ወደ ታች ሲሆን ሲባዛ 61,440 ነጥብ ይሆናል። እያንዳንዱን ነጥብ ለብቻው ለመመዝገብ፣ ለአንድ ነጥብ 2 ቢት (ቢት 0 ወይም 1 ብቻ የሚይዝ ትንሿ መለኪያ ናት) ብቻ እንኳ ቢሰጥ፣ 15,360 ባይት (አንድ ባይት 8 ቢት ነው) ያስፈልግ ነበር። ማሽኑ ለምስል ካርታ የተሰጠው ማኅደረ ትውስታ ግን 2,048 ባይት ነው። በታይል ሲታሰብ ነገሩ ይቀላል። 32 ታይል ወደ ጎን፣ 30 ታይል ወደ ታች፣ በድምሩ 960 ቦታ። ለእያንዳንዱ ቦታ አንድ ባይት የታይል ቁጥር፣ በላዩ ላይ ለቀለም ምርጫ 64 ባይት ሲጨመር አንድ ሙሉ ምስል በ1,024 ባይት ይያዛል። ስለዚህ በዚያች ጠባብ ማኅደር ውስጥ ሁለት ምስሎች ገቡ፤ ማሪዮ ሲሮጥ ከፊቱ ያለው መሬት አስቀድሞ የሚዘጋጅበት ቦታም ተገኘ።

እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው «ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ» በሙሉ፣ ሙዚቃውም ዓለማቱም ሥዕሉም ተደምሮ፣ 40 ኪሎባይት ነው። በስልካችን የምናነሳው አንድ ፎቶ 3 ሜጋባይት ቢሆን የዚህን ጨዋታ ከ70 እጥፍ በላይ ይመዝናል። ኔትወርኩ ሲደክም አንድ ፎቶ ለመላክ ሩብ ሰዓት የጠበቀ የከተማችን ሰው ይህ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ለእኔ ግን ትልቁ ነገር ሌላ ነው፤ ይህን ሥራ ለመሥራት ኃይለኛ ኮምፒውተር አያስፈልግም። ሰው «አርጅቷል» ብሎ የጣለው ላፕቶፕ ከበቂ በላይ ነው።

አንድ ታይል ከውስጥ

የታይል ማረሚያ የሚባለው ፕሮግራም የጨዋታውን ፋይል ባይቶች እያነበበ በካሬ በካሬ ሥዕል አድርጎ ያሳያል፤ ባለ ካሬው ላይ ሲሳልበት ደግሞ ሥዕሉን መልሶ ወደ ባይት ይለውጣል። ከዚህ የበለጠ ምሥጢር የለውም። ይሁን እንጂ ባይቱ እንዴት ሥዕል እንደሚሆን አንድ ጊዜ በእጅ ሠርቶ ያላየ ሰው ኋላ የሚገጥመውን ስህተት ማወቅ ያቅተዋል። ስለዚህ አንድ ፊደል አብረን እንሥራ። ቡን መርጫለሁ።

■■■■■□□□
■□□□■□□□
■□□□■□□□
■□□□■■■□
■□□□■□□□
■□□□■□□□
■□□□■□□□
□□□□□□□□

አራዳ ገበያ በርበሬ የሚመዝን ነጋዴ አጠገብ ትልቅና ትንሽ የሚዛን ብረት ተደርድሮ ይታያል። የሚፈለገው ክብደት የሚገኘው ብረቶቹን በመደመር ነው። እያንዳንዱ የታይል ረድፍ እንዲሁ ስምንት ብረቶች አሉት፤ ከግራ ወደ ቀኝ 128፣ 64፣ 32፣ 16፣ 8፣ 4፣ 2 እና 1። ጥቁር ካሬ ባለበት ብረቱ ሚዛን ላይ ይወጣል፤ ነጭ ባለበት ይቀራል። የመጀመሪያው ረድፍ 128፣ 64፣ 32፣ 16 እና 8 ስለሆነ 248 ነው። ሁለቱ እግሮች ብቻ የሚታዩበት ረድፍ 128 እና 8፣ ማለትም 136 ነው። ቡን ቡ የሚያሰኘው ምልክት የወጣበት አራተኛው ረድፍ 142 ይመዝናል። የመጨረሻው ባዶ ረድፍ 0 ነው፤ ከታች ከሚመጣው ጽሑፍ ጋር እንዳይጋጭ የተተወ ነው። ፊደሏ በሙሉ 248፣ 136፣ 136፣ 142፣ 136፣ 136፣ 136፣ 0 የሚሉ ስምንት ቁጥሮች ሆነች።

ይህ ግን ለአንድ ቀለም ብቻ ይበቃል። በፋሚኮም ታይል ውስጥ አንድ ነጥብ ከአራት ቁጥሮች አንዱን ሊይዝ ይችላል፤ 0፣ 1፣ 2 ወይም 3። ለዚህ ሁለት ስስ ወረቀት እንደተደራረበ ማሰብ ነው። የመጀመሪያዎቹ 8 ባይቶች የታችኛው ወረቀት፣ ቀጣዮቹ 8 ባይቶች የላይኛው ወረቀት ናቸው። ነጥቡ በታችኛው ብቻ ካለ 1፣ በላይኛው ብቻ ካለ 2፣ በሁለቱም ካለ 3 ይሆናል፤ በአንዳቸውም ከሌለ 0 ነው። ሁለት ጊዜ ስምንት፣ 16 ባይት ለአንድ ታይል። በጨዋታው ውስጥ ለሥዕል የተመደበው ቦታ 8,192 ባይት ስለሆነ ለ16 ሲካፈል 512 ታይል ይሰጣል። ግማሹ 256 ለሚንቀሳቀሱት፣ ማለትም ለማሪዮና ለጠላቶቹ፣ ግማሹ ለመሬቱ፣ ለሰማዩና ለፊደላቱ።

ሌሎች ማሽኖች ወረቀቶቹን የሚደራርቡበት መንገድ ይለያያል። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው ጌም ቦይ እንደ ፋሚኮም ለአንድ ታይል 16 ባይት ቢጠቀምም ሁለቱን ወረቀቶች ረድፍ በረድፍ ያፈራርቃቸዋል። ሱፐር ኒንቴንዶ በአብዛኛው አራት ወረቀት፣ ለአንድ ታይል 32 ባይት ይጠቀማል። ስለዚህ ማረሚያው ፋይሉ የየትኛው ማሽን እንደሆነ ሊነገረው ይገባል። የፋሚኮምን ጨዋታ በጌም ቦይ አነባበብ ቢከፍቱት ሥዕሉ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፤ እንደተቦጫጨቀ ጨርቅ ሆኖ ይታያል። ጀማሪ ይህን ሲያይ «ፋይሉ ተበላሽቷል» ብሎ ይጥለዋል። አልተበላሸም፤ አነባበቡን መቀየር ብቻ ነው።

ፋይሉን ከፍቶ ሥዕሉን ማግኘት

ብዙ ሰዎች የሚጠቀሙበት ማረሚያ ዋይ ዋይ ሲ ኤች አር የሚባለው ነው። ታይል ሞለስተር የሚባለው ደግሞ በጃቫ የተሠራ ስለሆነ ከዊንዶውስ ውጭም ይሠራል። የትኛውም ቢመረጥ ሐሳቡ አንድ ነው። ከእሱ ጎን ኢሙሌተር ያስፈልጋል፤ የድሮውን ማሽን ጠባይ በኮምፒውተር ላይ አስመስሎ የሚሠራ ፕሮግራም ማለት ነው። ሜሰንና ኤፍ ሲ ኢ ዩ ኤክስ የሚባሉት ጨዋታውን ከማጫወት አልፈው በዚያች ቅጽበት በማሽኑ ውስጥ የትኞቹ ታይሎች እንዳሉ፣ ካርታው ምን እንደሚል፣ የትኛው የቀለም ሰሌዳ እንደተመረጠ በተለያዩ መስኮቶች ያሳያሉ። እነዚህን መስኮቶች ሳይከፍቱ መሥራት የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ በጉም ውስጥ እንደ መንዳት ነው፤ መንገዱ ቢታወቅም ቀጣዩ ጥምዝ አይታይም።

ፋይሉ በማረሚያው ሲከፈት መጀመሪያ የሚታየው ትርጉም የሌለው የነጥብ ውጥንቅጥ ነው። ይህ የጨዋታው ፕሮግራም ነው። ማረሚያው ማንኛውንም ባይት ሥዕል ነው ብሎ ስለሚያነብ ትእዛዙንም ሥዕል አድርጎ ያሳያል። እዚያ ላይ አንዲት ነጥብ መንካት ጨዋታውን ከሥራ ውጭ ሊያደርግ ይችላል። በማሪዮ ፋይል ውስጥ መጀመሪያ 16 ባይት መግቢያ አለ፤ ፋይሉ ስለምን ዓይነት ካሴት እንደሚናገር የሚገልጽ ነው። ከዚያ 32,768 ባይት ፕሮግራም ይከተላል። ስለዚህ ሥዕሉ የሚጀምረው ከ32,784ኛው ባይት በኋላ ነው። እየወረዱ ሲሄዱ ውጥንቅጡ ድንገት ያበቃና የማሪዮ ጭንቅላት፣ ክንድና እግር ተቆራርጦ ብቅ ይላል። ያችን ቅጽበት ስንት ጊዜ እንዳየኋት አላስታውስም፤ አሁንም ደስ ትለኛለች።

ታላቁ ማሪዮ 8 ታይሎች ተገጣጥመው የሚሠሩት ነው፤ ሁለት ወደ ጎን፣ አራት ወደ ታች። በማረሚያው ውስጥ ግን ጎን ለጎን ተደርድረው ስለሚገኙ አካሉን ለመገጣጠም ዓይን ማልመድ ያስፈልጋል። ሲሮጥ፣ ሲዘል፣ ሲዋኝ የተለያየ ስለሆነ ቆቡን የቀየረ ሰው በሁሉም አቋቋም ላይ መቀየር አለበት፤ አለዚያ ማሪዮ በዘለለ ቁጥር የድሮው ቆብ ይመለሳል።

እዚህ ላይ ስለ ቆቡ አንድ ነገር ልበል። ገጸ ባሕርዩን የፈጠረው ሺገሩ ሚያሞቶ እ.ኤ.አ. በ1981 «ዶንኪ ኮንግ» ለተባለው ጨዋታ ሲስለው ያለው ነጥብ በጣም ጥቂት ነበር። ፀጉር መሳል ስላስቸገረው ቆብ አደረገለት፤ አፍ ከመሳል ይልቅ ከትልቅ አፍንጫ ሥር ጺም አበቀለለት። ዓለም የሚያውቀው መልክ የመጣው ነጥብ ከማጣት ነው። በ8 በ8 የሚሠራ ሰው ዋና ሥራው ይህ ነው፤ ነገሩን ነገሩ የሚያሰኘው የትኛው ምልክት እንደሆነ ለይቶ ሌላውን መተው። ወደ ፊደላችን ስንደርስ ይህ ነገር ይመለሳል።

ጀማሪ የሚወድቅባቸው ጉድጓዶች

የመጀመሪያው ቀለም ነው። ማረሚያው ውስጥ የቀለም ሰሌዳ አለ። ጀማሪው ቀዩን ወደ አረንጓዴ ይለውጣል፤ በማረሚያው ላይ ማሪዮ አረንጓዴ ይሆናል፤ ያስቀምጣል፤ ጨዋታውን ሲከፍት ማሪዮ እንደነበረው ቀይ ነው። ምክንያቱ የእናቴ ክር ነው። ንድፉ «እዚህ ላይ 1ኛውን ክር ተጠቀም» ይላል እንጂ 1ኛው ክር ቀይ እንደሆነ አያውቅም። የማረሚያው ቀለም ለዓይን እንዲመች የተቀመጠ ነው፤ ፋይሉ ውስጥ አይገባም። እውነተኛው የቀለም ምርጫ በፕሮግራሙ ውስጥ በቁጥር ተጽፎ ስለሚገኝ እሱን ለመለወጥ ባይቶችን በቀጥታ የሚያርም ሌላ ፕሮግራም ይጠይቃል። ማሽኑ ለመልክዓ ምድሩ በአንድ ጊዜ አራት ሰሌዳ ብቻ ይይዛል፤ እያንዳንዱም ሦስት ቀለምና ለሁሉም የጋራ የሆነ አንድ የጀርባ ቀለም አለው። በዚያ ላይ ሰሌዳ የሚመረጠው ለአራት ታይሎች በአንድ ላይ፣ ለ16 በ16 ነጥብ ነው። ስለዚህ አንዱን ታይል ቢጫ፣ ጎረቤቱን ሰማያዊ ማድረግ ሁልጊዜ አይቻልም።

ሁለተኛው መስተዋት ነው። ማሽኑ የሚንቀሳቀሱ ሥዕሎችን ግራና ቀኝ ገልብጦ ማሳየት ስለሚችል ሠሪዎቹ ግማሹን ብቻ ስለው ሌላውን በግልባጭ ሞልተውታል። ኮከቧ የተሳለችው በሁለት ታይሎች ነው፤ የግራ ግማሿ ተስሎ የቀኙ ግልባጩ ነው። የእህቴ ልጅ ኮከቧን ትቶ ፊደል ሊጽፍባት ሞክሮ ነበር፤ ቀኙ ላይ ፊደሉ ተገልብጦ ወጣ። ቡናማው ጠላት የሚራመደውም በዚሁ ዘዴ ነው። ሁለተኛ ሥዕል የለውም፤ ያው ሥዕል ግራና ቀኝ እየተገለባበጠ እግሩን ያነሳ ይመስላል።

ሦስተኛውን በራሴ ላይ ደርሶ ነው የተማርሁት። በሁለተኛው የታይል ገጽ መጨረሻ ላይ ሥዕል የማይመስሉ ሃያ ያህል ካሬዎች አሉ። ባዶ ቦታ መስሎኝ አዳዲስ ሥዕሎች ሳልሁባቸው። ጨዋታው ሲነሳ የመግቢያው ገጽ ተበታተነ። ለካ ሠሪዎቹ በፕሮግራሙ ክፍል ቦታ ስለጠበባቸው የመግቢያውን ገጽ አደራደር ከሥዕሎቹ መካከል በተረፈች ቦታ አስቀምጠውት ኖሯል። ሁለት ምሽት የፈጀ ሥራ ጠፋ፤ ቅጂ አልያዝሁም ነበር። ከዚያ ወዲህ ፋይሉን ከመንካቴ በፊት ቀን ጽፌበት ቅጂ አስቀምጣለሁ። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ የሚሠራ ሰው ይህን ከእኔ በላይ ሊጠነቀቅበት ይገባል።

እንደ «ኮንትራ» ያሉ ጨዋታዎች ደግሞ ከመጀመሪያውም ለማረሚያው አይታዩም። በአሜሪካ የወጣው የፋሚኮም ዓይነት «ኮንትራ» ለሥዕል የተለየ ክፍል የለውም፤ ሥዕሎቹ በፕሮግራሙ ውስጥ ተጨምቀው ተቀምጠው ጨዋታው ሲነሳ እየተዘረጉ ወደ ማሽኑ ማኅደር ይገለበጣሉ። በማረሚያ ሲከፈት ከዳር እስከ ዳር ውጥንቅጥ ነው። ጨዋታውን ስለምወደው አዝናለሁ፤ ለጀማሪ ግን አልመክረውም።

ጦሳን መትከል

ልጁ ከደመናው ትምህርት በኋላ ያሰበው ጦሳን ነበር። ከበስተጀርባ የሚታዩትን አረንጓዴ ኮረብታዎች አጥፍቶ በመስኮታችን የሚያየውን ጦሳን ሊተክል ፈለገ። በሂሳብ ደብተሩ ላይ የተራራውን አናት ስሎ መጣ፤ ሥዕሉ ጥሩ ነበር። ማረሚያውን ስንከፍት ግን ኮረብታው የግራ ተዳፋት፣ የቀኝ ተዳፋት፣ ጫፍና ሆዱ ላይ ያለች ነጠብጣብ እንጂ ሌላ አልነበረም። ትልቁም ትንሹም ኮረብታ የሚሠራው እነዚህኑ በመደጋገም ነው። የግራውን ተዳፋት ታይል ሸካራ ድንጋይ ብናደርገው ከእግር እስከ አናት ያው ድንጋይ ይደጋገማል። የጦሳ አናት እንዳለው ወጣ ገባ ማድረግ አልተቻለም፤ ለዚያ ካርታውን መለወጥ ያስፈልጋል፤ ካርታው ደግሞ ከታይል ማረሚያ ውጭ ነው።

በመጨረሻ ያደረግነው ጫፉን ጠፍጣፋ ማድረግ፣ ተዳፋቱን እንደ እርከን መሰላል መቁረጥ፣ ነጠብጣቧን ወደ ባሕር ዛፍ መለወጥ ነበር። ጦሳ አይመስልም ያለ ሰው ነበር። እኔ ግን ዓይኔን ጠበብ አድርጌ ሳየው ጦሳን አይቼበታለሁ።

ፊደላችን በ8 በ8

አሁን ልቤ ወዳለበት ደረስሁ። በዚህ ጨዋታ የፊደላቱ ቁጥር በቅደም ተከተል ነው። ከ0 እስከ 9 ያሉት ታይሎች አኃዞች ናቸው፤ ከ10 እስከ 35 ያሉት 26ቱ የእንግሊዝኛ ፊደላት ናቸው፤ 36ኛው ባዶ ነው። ለእኛ 33 ፊደላት በሰባት ቤት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ እነ ሏና ቧ ሳይቆጠሩ ማለት ነው። ለመልክዓ ምድር ያለው ቦታ 256 ታይል ብቻ ሆኖ ጡቡም ቱቦውም ደመናውም እዚያው ስለሆነ ሙሉው ፊደል ገበታ አይገባም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተስፋ ይቆርጣል።

መቁረጥ አያስፈልግም። ጨዋታው የሚናገረው ጥቂት ቃል ነው፤ የሚያስፈልጉት ደግሞ በእነዚያ ቃላት ውስጥ ያሉት ፊደላት ብቻ ናቸው። እኛ የመረጥናቸው ዋና ዋናዎቹን ነው፤ ማሪዮ፣ ሉዊጂ፣ ዓለም፣ ጊዜ፣ ጨዋታው አበቃ። ድግግሞሹ ወጥቶ ሲቆጠር ማ፣ ሪ፣ ዮ፣ ሉ፣ ዊ፣ ጂ፣ ዓ፣ ለ፣ ም፣ ጊ፣ ዜ፣ ጨ፣ ዋ፣ ታ፣ ው፣ አ፣ በ፣ ቃ፤ 18 ናቸው። 26 ቦታ አለን። ከዚህም ሌላ አማርኛ በዚህ አሠራር ከእንግሊዝኛ ያነሰ ቦታ ይበቃዋል፤ አንድ ታይል ተነባቢውን ከነአናባቢው ይይዛልና። «ወርልድ» በእንግሊዝኛ 5 ታይል ሲፈጅ «ዓለም» 3 ይበቃዋል። «ጌም ኦቨር» ክፍተቱን ጨምሮ 9 ቦታ ይይዛል፤ «ጨዋታው አበቃ» 8። ትርፉን በባዶ መሙላት ነው። የቃሉን ርዝመት ማለፍ ክልክል ስለሆነ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

ፊደሉን በታይሉ ላይ መሳል ግን የሥራው ግማሽ ነው። የ10ኛውን ታይል አጥፍቶ ዓን የሳለ ሰው «ኤ» የተባለችው የእንግሊዝኛ ፊደል በነበረችበት ሁሉ ዓን ያያል። እንደገና ያው የደመናና የቁጥቋጦ ነገር ነው። ስለዚህ ቃላቱ የተጻፉባቸውን ቁጥሮችም መለወጥ ያስፈልጋል። «ወርልድ» በፋይሉ ውስጥ 32፣ 24፣ 27፣ 21፣ 13 ተብሎ ይገኛል። ዓን በ10፣ ለን በ11፣ ምን በ12 ላይ ከሳልን እነዚያን አምስት ባይቶች 10፣ 11፣ 12፣ 36፣ 36 እናደርጋቸዋለን። የባይት ማረሚያዎች ቁጥርን አብዛኛውን ጊዜ በ16 መሠረት ስለሚያሳዩ ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን የሂሳብ ማሽን አጠገብ ከፍቶ መሥራት ይሻላል። የመግቢያው ገጽ ቃላት ደግሞ ቅድም ባበላሸሁት ቦታ፣ ከሥዕሎቹ መጨረሻ ይገኛሉ።

አሳሳሉ ላይ ሁለት ነገር ተምሬአለሁ። አንደኛ፣ የፊደሉ አካል ከ5 ነጥብ በላይ አይስፋ። የቡ ምልክት ወደ ቀኝ ይወጣል፤ የብ ወደ ግራ። ቡና ቢ የሚለያዩት ምልክቱ ወገብ ላይ ወይም እግር ላይ በመሆኑ ብቻ ነው። ለምልክቱ ሁለት ነጥብ፣ ከቀጣዩ ፊደል ለመለየት አንድ ነጥብ ከተተወ 5 ሲደመር 2 ሲደመር 1፣ ልክ 8 ነው። ይህ ልክ ሳይዛነፍ ይሠራል፤ ቤን ቤ የሚያሰኘው ቀለበት እንኳ 3 በ3 ሆኖ እግሩ ላይ ይቀመጣል፤ መካከሉ አንዲት ነጥብ ክፍት ትሆናለች። ሁለተኛ፣ የላይኛውን ረድፍ ለሰረዝ ያስቀምጡ። ተ ቸ የሚሆነው፣ ነ ኘ የሚሆነው፣ ደ ጀ የሚሆነው በራስ ላይ በምትጫን ሰረዝ ነው። ሉዊጂ ውስጥ ያለችው ጂ ሰረዙንም የእግሩንም ምልክት በአንድ ላይ ስለምትሸከም ከ18ቱ ውስጥ ብዙ ወረቀት የፈጀችብን እሷ ናት።

መብራት በጠፋባቸው ምሽቶች በሻማ ብርሃን ባለ ካሬ ደብተር ላይ እንሠራ ነበር። እኔ ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም። በእርሳስ የተሳለ ፊደል ከአንድ ክንድ ርቀት ካልተነበበ ቴሌቪዥን ላይም አይነበብም።

ሥራውን ለሌላ ሰው ማካፈል

ሥራው ሲያልቅ ልጁ ሙሉውን ፋይል ለጓደኞቹ ሊልክ ነበር። አስቆምሁት። የጨዋታው ባለቤት ኒንቴንዶ ነው። በአገራችንም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ጥበቃ ከሚያገኙ ሥራዎች ይቆጥረዋል። በዚህ ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች የለመዱት ጨዋ መንገድ አለ። የሚያካፍሉት ፓች የሚባለውን የለውጥ ፋይል ብቻ ነው። ፓች «በዚህ ቦታ ይህን ባይት ተካ» የሚል ዝርዝር ስለሆነ የሌላው ሰው ሥራ ውስጡ የለም ማለት ይቻላል፤ ያለው የእርስዎ ነው። ተቀባዩ በሕጋዊ መንገድ ባለው የራሱ ቅጂ ላይ ይጭነዋል። ከዚህም የሚቀለው አድናቂዎች ዛሬ ለድሮው ማሽን አዲስ ሠርተው፣ ማንም እንዲለውጠው ፈቅደው በነጻ ከሚለቋቸው ጨዋታዎች መጀመር ነው። ታይሉ ያው 8 በ8 ነው፤ ለመማር ልዩነት የለውም።

ልጁ ትምህርት ሲከፈት ወደ ኮምቦልቻ ተመልሷል። ከ18ቱ ፊደላት 17ቱን ጨርሰናል። የቀረችው ጨ ናት። ሦስት እግሯን ከነክቦቿ በ8 ነጥብ ውስጥ ሳስገባ ጠ ትመስላለች፤ ክቦቹን ሳሰፋ እግሮቿ ይጣበቃሉ። ሁለት ታይል ልስጣት ብዬ አሰብሁ፤ «ጨዋታው አበቃ» 8 ቦታ ስለሚይዝና 9 ስላለን አንድ ቦታ ይተርፋል፤ በትክክል ይበቃታል። ትናንት ማታ ልጁ ከሂሳብ ደብተሩ ላይ ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። በአንድ ታይል ሠርቷታል፤ የመካከለኛውን እግር በአንድ ነጥብ አሳጥሮ። ስልኩን ወንበር ላይ አቁሜ አንድ ክንድ ርቄ አየኋት። ተነበበች።